በኢንተርኔት መንገድ ላይ ኬላ እንዳይተከል

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ አበው፣ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ስሙ አዲስ ቢሆንም ሥሩ የቆየ ስለ ሆነ ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ እንሞክራለን። ጉዳዩ የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚባለው ነው። ትርጓሜው በአጭሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ የኢንተርኔትን መሥመር ዘርግቶ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት፣ በመሥመሩ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ከየትም ይምጣ፣ ወደ ማንም ይሂድ፣ በእኩል ዓይን ተመልክቶ ማሳለፍ ይገባዋል። የወዳጁን አስቀድሞ የተወዳዳሪውን ሊያስቀር፣ አንዱን አፍጥኖ ሌላውን ሊያዘገይ፣ ወይም የአንዱን በርካሽ የሌላውን በውድ ዋጋ ሊያሳልፍ አይገባውም ማለት ነው።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ እንጂ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አዋጅ ከመጽደቁ በፊት ይረቀቃል፤ ከመረቀቁም በፊት ይጠናል። ጥናቱን የሚያዘጋጁት፣ ረቂቁን የሚጽፉት፣ መግለጫውንም ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች እጅ የሚያነሡለት ወይም የሚነሡት ቃል መጀመሪያ የሚጻፈው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ጠንቅቆ ማወቁ ከማንም ይልቅ ለእናንተ ይጠቅማል።

እንግዲህ ከመንገድ እንጀምር። በቀድሞው ዘመን ጨውና ቡና፣ ማርና ጥጥ የጫነ ነጋዴ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲሻገር በየበሩ ኬላ ይጠብቀው ነበር። የኬላው ሹም ጭነቱን አስፈትቶ ይመለከታል፤ ቀረጥ ይቆርጣል፤ የወደደውን ያሳልፋል፤ ያልወደደውን ያሳድራል። ነጋዴው አንዱን ኬላ ከፍሎ ሲያልፍ ሁለተኛው ይቀበለዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ቀረጥ በመጨረሻው የሚከፍለው ማን ነበር? ነጋዴው አልነበረም፤ ከገበያው ቆሞ አንድ አሞሌ ጨው የሚገዛው ባላገር ነበር። ኬላው የቆመው በነጋዴው ፊት ቢሆንም ዕዳው የሚያርፈው ኬላውን በዓይኑ ባላየው ሰው ላይ ነበር። የውስጥ ኬላ በሕግ እንዲቀር የተደረገውም ስለዚሁ ነው።

የመንገድን ዋጋ ለማወቅ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ መመልከት ይበቃል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ በር አድርገው ነው። ተራራውን እያስናዱ፣ ገደሉን እያስሞሉ መንገድ ሲያስጠርጉ ቆይተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ለእግረኛ ጥቂት ቀን የሚበቃው ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው የመኪና መንገድም ብዙ ድካም የፈሰሰበት ነው። በእንዲህ ያለ አገር መንገድ መክፈት ይህን ያህል ከባድ ከሆነ፣ በተከፈተው መንገድ ላይ ኬላ መትከል ምን ያህል ጉዳት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከመኪና መንገድ ወደ ሽቦ መንገድ ስንሻገርም ነገሩ አንድ ነው። በአሜሪካ የቴሌግራፍ መሥመር ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ዳርቻ እንዲዘረጋ እ.ኤ.አ. በ1860 በወጣው ሕግ ላይ፣ መልእክቶች ያለ አድልዎ በደረሱበት ተራ እንዲተላለፉ፣ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለመንግሥት መልእክት ብቻ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። ስለ ስልክ ደግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አልሞን ስትሮውጀር የሚባል የካንሳስ ሲቲ ሰው የቀብር አገልግሎት ድርጅት ነበረው። ደንበኞች በስልክ ሲፈልጉት የማዕከሉ ስልክ አገናኝ ለተወዳዳሪው ድርጅት እያዞረችበት ገበያው እንደ ቀረ ስለ ተሰማው፣ ያለ ሰው እጅ ራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት አስመዘገበ ይባላል። በአውቶማቲክ የሚሠራው ስልክ ከዚህ ቅሬታ እንደ ተወለደ ይተረካል። ቁም ነገሩ ግልጽ ነው፤ አገናኙ ወገን ሲለይ ደዋዩም ተደዋዩም ሳያውቁት ይጎዳሉ።

አሁን ደግሞ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንመልከት። አንድ መልእክት፣ ደብዳቤም ይሁን ፎቶግራፍ፣ ድምፅም ይሁን ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ በአንድነት አይጓዝም። በብዙ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ በቁጥር ይጻፋል። ቁራጮቹ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተላለፉ ሄደው ከተቀባዩ ዘንድ ሲደርሱ እንደገና ተገጣጥመው ሙሉ መልእክት ይሆናሉ። በመካከል ያሉት ራውተር የሚባሉት መሣሪያዎች አድራሻውን አንብበው ወደሚቀጥለው ያሳልፋሉ። ሥራቸው እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የፖስታ ሠራተኛ የፖስታውን ጀርባ ያነባል እንጂ ደብዳቤውን ከፍቶ «ይህ ጠቃሚ ነው፣ ይህ ግን ይቆይ» አይልም።

ይሁን እንጂ ዛሬ አድራሻውን ከማንበብ አልፈው የመልእክቱን ዓይነት የሚለዩ መሣሪያዎች አሉ። ምንም እንኳ አብዛኛው መልእክት በምስጢር ቁልፍ ተዘግቶ የሚጓዝ ቢሆን፣ መልእክቱ የድምፅ ጥሪ ይሁን የተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ከየትኛው አገልግሎት የመጣም እንደ ሆነ መለየት ይቻላል። ይህን መለየት የቻለ ድርጅት በሦስት ዓይነት ኬላ ሊተክል ይችላል። አንደኛው መዝጋት ነው። ሁለተኛው ማዘግየት ነው። ሦስተኛው በዋጋ ማበላለጥ ነው።

ከሦስቱ መካከል መዝጋት ለዓይን ይታያል፤ የታየም ነገር ይከሰሳል። ማዘግየት ግን ስውር ነው። አንድ ገጽ ሲንቀረፈፍበት ተጠቃሚው «ዛሬ መሥመሩ ደካማ ነው» ብሎ ወይም «ይህ ድርጅት ሥራ አያውቅም» ብሎ ይተወውና ወደ ፈጣኑ ይሄዳል። በዋጋ ማበላለጥ ደግሞ ስጦታ መስሎ ይመጣል፤ ተጠቃሚው ይመሰገንበታል እንጂ አይከስበትም። ስለዚህ ከመዝጋት ይልቅ እነዚህ ሁለቱ በሕግ ካልተገለጡ በቀር የሚያያቸው የለም።

የኢንተርኔት ገለልተኝነት የሚለውን ስም ያወጣው ቲም ዉ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስሙ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2005፣ በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ ማዲሰን ሪቨር የተባለ የስልክ ድርጅት ደንበኞቹ በኢንተርኔት ስልክ እንዳይደውሉ ቮኔጅ የሚባለውን አገልግሎት ዘግቶ ተገኘ፤ 15,000 ዶላር እንዲከፍልና መዝጋቱን እንዲተው ተደረገ። በ2007 ደግሞ ኮምካስት የተባለው ታላቅ ድርጅት ሰዎች ፋይል የሚለዋወጡበትን ቢትቶረንት የሚባለውን ዘዴ በስውር እንደሚያውክ ተገለጠ። በ2011 በሆላንድ አገር ኬፒኤን የሚባለው የስልክ ድርጅት፣ ሰዎች በዋትሳፕ መጻጻፍ ስለ ጀመሩ የአጭር መልእክት ገቢው ሲቀንስበት፣ እንዲህ ባሉት አገልግሎቶች ላይ ተጨማሪ ዋጋ ለመጣል አሰበ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ የሆላንድ ሕግ አውጪዎችም በ2012 የገለልተኝነትን ሕግ አጽድቀው ከአውሮፓ አገሮች ቀዳሚ ሆኑ። ከዓለም ሁሉ አስቀድማ ይህን በሕግ የደነገገችው ግን በ2010 የደቡብ አሜሪካዋ ቺሊ ናት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 ለአባል አገሮቹ ሁሉ ደንብ አወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ቀረብ የሚለው የህንድ ነገር ነው። ፌስቡክ ለድሆች ይሆናል ብሎ የተመረጡ ጥቂት ገጾችን ያለ ክፍያ የሚከፍት አገልግሎት ለህንድ አቅርቦ ነበር። ብዙዎች ደግ ሥራ ነው አሉ። ሌሎች ግን «የትኞቹ ገጾች ለድሃ እንደሚበቁ የመረጠው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ደብዳቤ በኢንተርኔት ለቴሌኮም ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተላከ። መሥሪያ ቤቱም የካቲት 8 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በይዘት እየለዩ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። ድሃውን መርዳት የሚፈልግ ድርጅት የፈለገውን ያህል ዳታ በነጻ ሊሰጠው ይችላል፤ በዚያ ዳታ ምን እንደሚያነብ መምረጥ ግን የድሃው እንጂ የድርጅቱ መብት አይደለም፤ የክልከላው መንፈስ ይህ ነው።

አሜሪካ ግን ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። በዚያ አገር ገለልተኝነት በ2015 በኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ውሳኔ ጸና፤ በ2017 ያው ኮሚሽን ሻረው፤ በ2024 እንደገና መለሰው፤ በጥር 2025 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ኮሚሽኑ ከሕግ አውጪው ያገኘው ሥልጣን ለዚህ አይበቃም ሲል አፈረሰው። በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ መርሕ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ይህ የሆነበት ምክንያት ምክር ቤቱ ራሱ በግልጽ ቃል ስላልደነገገው ነው። በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ብቻ የቆመ መብት፣ ሹም ሲለወጥ ይለወጣል። የዛሬው ጽሑፋችን ሕግ አውጪዎችን የሚመለከተውም ስለዚህ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጀምሮ ለብዙ ዘመን መሥመሩን የያዘው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ መላክን ወይም ይህን አገልግሎት መስጠትን ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ የስልክ ጥሪ በኢንተርኔት መስጠትን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። የክልከላው ምክንያት የታወቀ ነበር፤ ከውጭ አገር የሚመጣው የስልክ ጥሪ ለመንግሥት ድርጅት የውጭ ምንዛሪ ያስገባ ስለ ነበረ፣ ያ ገቢ እንዳይሸሽ ነው።

ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ነገሩን በዛሬው ርዕሳችን መነጽር ብንመለከተው ፍጹም የኬላ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። የመንገዱ ባለቤት ራሱ የሚሸጠው ዕቃ ነበረው፤ ይኸውም የስልክ ጥሪ ነው። በመንገዱ ላይ የሚያልፍ ሌላ ርካሽ ዕቃ መጣበት። ዕቃውን በጥራትና በዋጋ ከመወዳደር ይልቅ መንገዱን በሕግ ዘጋበት። ዛሬ በቤይሩትና በሪያድ ካሉት ልጆቻችን፣ በዋሽንግተንና በቶሮንቶ ካሉት ወንድሞቻችን ጋር በየምሽቱ በዋትሳፕና በቴሌግራም የምንነጋገር ሁላችን፣ የዚያ ዓይነቱ አጥር ቢጠና ኖሮ ምን ይቀርብን እንደ ነበረ ሳንነገር እናውቀዋለን።

በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዘርፉም ለውድድር ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው የአገልግሎት ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪ መምጣቱ ብቻውን ገለልተኝነትን አያመጣም። ሁለት የኬላ ሹሞች ከአንድ ይሻላሉ ቢባል እንኳ ሁለቱም ኬላ ሊተክሉ ይችላሉ። እንዲያውም ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን፣ ሳፋሪኮምም ኤምፔሳን ስለሚያንቀሳቅሱ፣ የመንገዱ ባለቤት በመንገዱ ዳር የራሱን ሱቅ ከፍቷል ማለት ነው። የራሱን ሱቅ የከፈተ ሁሉ ያደላል አንልም፤ ነገር ግን ለማድላት ምክንያት ያለው ሰው ሕግ ያስፈልገዋል እንላለን። ለራሱም ይጠቅመዋል፤ ከሐሜት ያድነዋልና።

ለተወሰኑ ማኅበራዊ መገናኛዎች ብቻ የሚሠራ ርካሽ ጥቅል መሸጥም በአገራችንም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተለመደ ሆኗል። ይህን ነገር ከአዲስ አበባ ሆነን ስንመለከተው ጥቃቅን ይመስለናል። የከተማ ሰው በመሥሪያ ቤቱ መሥመር አለው፤ በቤቱ ዋይፋይ አለው፤ በኪሱ ስልክ አለው፤ አንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይገባል። ስለዚህ ገለልተኝነት ሲጓደል አስቀድሞ የሚሰማው የከተማው ሰው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ እንደገና እንመልከት። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የእነዚህ ወረዳዎች ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል፤ በምሥራቅ የበሽሎ፣ በደቡብ የዐባይ ሸለቆ ምድሩን ሰንጥቆታል። ተራራ የስልክን ሞገድ ይጋርዳል፤ ገደልም ማማ የሚተከልበትን ዋጋ ያከብደዋል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲያጥር የሚቸገሩ፣ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች መሆናቸውንም በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ታውቃላችሁ። በዚህ አገር ያለ ባላገር ወይም መምህር ዋይፋይም ሁለተኛ መሥመርም የለው ይሆናል፤ ያለው አንድ ስልክና በትንሽ ብር የተገዛ ጥቅል ነው። ለእርሱ ጥቅሉ የሚከፍትለት ሁሉ ኢንተርኔት ነው፤ የማይከፍትለት የለም።

«ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። የስማዳ ሰው ዐባይን በደጁ አድርጎ ያውቀዋል፤ በኢንተርኔት በኩል ግን ጥቅሉ ምንጩን ብቻ ካሳየው፣ ምንጩን ዐባይ ነው ብሎ ቢያመሰግን ማን ይፈርድበታል? በማኅበራዊ መገናኛ ጥቅል ወሬ ይደርሰዋል፤ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ዝናቡ የሚያወጣው ትንበያ ግን ከጥቅሉ ውጭ ነው። የወገዳው የጤና ባለሙያ የመድኃኒት መጠን የሚያረጋግጥበት መጽሐፍ፣ የአርብ ገበያው መምህር ለተማሪዎቹ የሚያወርደው ማስተማሪያ፣ አንድ ባለ ጉዳይ ሊያነበው የሚፈልገው የአዋጅ ቃል፣ እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ገጽ ላይ የምታወጡት ቅጽና ማስታወቂያ ሁሉ ከጥቅሉ ውጭ ነው። ወሬው በርካሽ፣ ማረጋገጫው በውድ ከተሸጠ፣ ሐሰተኛ ወሬ ሲበዛ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚሠራውን ሰው እናስብ። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተማረ አንድ ወጣት፣ የድንችንና የገብስን ዋጋ ከገበያ ወደ ገበያ በአማርኛ የሚያሳውቅ ገጽ ሠራ እንበል። መንገዱ ለሁሉ እኩል ከሆነ የወጣቱ ገጽ ከታላላቆቹ የውጭ ድርጅቶች ገጽ ጋር በአንድ ፍጥነትና በአንድ ዋጋ ከገበሬው ስልክ ይደርሳል፤ የሚፈርደውም ጥቅሙ ነው። ፍጥነትና ርካሽ ዋጋ በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ ግን ታላላቆቹ ይገዙታል፤ ወጣቱ አይችልም። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ቋንቋው የሠራው ሥራ ከባሕር ማዶ ከመጣው ይልቅ ለጎረቤቱ ይርቃል። በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚጻፈው ነገር ገና ጥቂት በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ የጥቂቱን መንገድ ማጥበብ ቡቃያውን መርገጥ ነው።

ስለ መዝጋትም አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ታግደው ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ይህ በድርጅት ፈቃድ ሳይሆን በጸጥታ ምክንያት የሆነ ስለ ሆነ ከንግድ አድልዎ የተለየ ነው። ሆኖም የሚነሣው ጥያቄ ከአንድ ሥር ነው፤ መንገዱ ሊዘጋ የሚችለው በማን ትእዛዝ፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት መረጃን የመሻት፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነጻነት እንዳለው፣ የማሠራጫውንም ዘዴ ራሱ እንደሚመርጥ ይደነግጋል። ይህን ነጻነት መገደብ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ቢመጣ እንኳ፣ ገደቡ በሕግ ቃል ተለክቶ መታወቅ አለበት።

በገለልተኝነት ላይ የሚቀርቡት መቃወሚያዎች ቀላል አይደሉም፤ ስለዚህ በቅን ልብ መመለስ ይገባል። አንዱ «መሥመር መዘርጋት ውድ ነው፤ ድርጅቱ ወጪውን ከየት ያምጣ?» የሚል ነው። መልሱ እንዲህ ነው። ገለልተኝነት ለሚበዛ ጭነት የሚበዛ ዋጋ ማስከፈልን አይከለክልም። ዐሥር ኩንታል የጫነ ከአንድ ኩንታል ጫኝ ይልቅ ይክፈል፤ የሚከለከለው ኩንታሉ ጤፍ ነው፣ ኩንታሉ ገብስ ነው ብሎ፣ ወይም የማን ነው ብሎ ዋጋ መለየት ነው።

ሁለተኛው «ሁሉ እኩል ከሆነ መሥመሩ ሲጨናነቅ ምን ይደረግ?» የሚል ነው። መጨናነቅን ለማቃለል፣ ከቫይረስና ከአጭበርባሪ መልእክት ለመከላከል፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪን ለማስቀደም የሚወሰድ እርምጃ በየአገሩ ሕግ የተፈቀደ ነው። አምቡላንስ ሲያልፍ ሌላው መኪና ዳር ይይዛል፤ ይህን አድልዎ የሚለው የለም። ነገር ግን የሀብታም መኪና በአምቡላንስ መብራት እንዲሄድ አይፈቀድለትም።

ሦስተኛው «ርካሹ ጥቅል ቢቀር ድሃው ከሁሉ ይቀራል» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ መቃወሚያ ነው፤ ለድሃ ያለው አሳቢነትም እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለማኅበራዊ መገናኛ በርካሽ የሚሸጠውን ያህል ዳታ ለማንኛውም ገጽ በዚያው ዋጋ መሸጥ ይቻላል፤ ለመሥመሩ ጭነቱ ያው ነውና። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ መራጩ ገዢው ይሆናል።

እንግዲህ ሕግ አውጪዎቻችን በአዋጅ ደረጃ፣ በመመሪያ ብቻ ሊለወጥ በማይችል ግልጽ ቃል ቢደነግጓቸው የሚጠቅሙትን ነጥቦች እንዘርዝር። በመጀመሪያ፣ አገልግሎት ሰጪ ሕጋዊ የሆነን ይዘትና አገልግሎት እንዳይዘጋና ሆን ብሎ እንዳያዘገይ። ሁለተኛ፣ ቅድሚያ የማለፍ መብት በገንዘብ እንዳይሸጥ፣ ድርጅቱም ለራሱ አገልግሎት እንዳያደላ። ሦስተኛ፣ የዳታ ዋጋ በመጠን እንጂ በይዘት እንዳይለያይ። አራተኛ፣ ለመጨናነቅ ወይም ለደኅንነት ሲባል የሚወሰድ ማንኛውም እርምጃ ለሕዝብ እንዲገለጥና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲመረምረው፤ በባላገርም በከተማም የአገልግሎቱ ፍጥነት እየተለካ እንዲታተም። አምስተኛ፣ በጸጥታ ምክንያት ገደብ ቢደረግ ትእዛዙ በጽሑፍ፣ ምክንያቱና ጊዜው ተወስኖ፣ ለምክር ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ቁጥጥር ተገዢ እንዲሆን፤ ወንጀል የሠራ ሰው ቢኖርም ሰውየው እንዲጠየቅ እንጂ ወረዳው ሁሉ መንገድ እንዳይዘጋበት።

ይህን ለመደንገግ ጊዜው አሁን ነው። ኬላ ከተተከለ በኋላ ማንሣት ከባድ ነው፤ በኬላው የሚተዳደሩ ሹሞች፣ በኬላው የለመዱ ነጋዴዎች ይኖራሉና «ገቢያችን ተነካ» ብለው ይከራከራሉ። ዛሬ ግን ገበያው ገና ልጅ ነው፤ አገልግሎት ሰጪዎቹም ሁለት ናቸው፤ ሕጉ ማንንም ሳይጎዳ ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊያስተካክል ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል የቴሌኮምን፣ የንግድን ወይም የውድድርን ሕግ የሚመለከት ረቂቅ በእጁ የሚገባለት ሰው፣ አንቀጹን ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «ይህ ቃል በወገዳ አንድ ስልክና ትንሽ ጥቅል ላለው ሰው መንገዱን ያሰፋለታል ወይስ በፊቱ ኬላ ይተክልበታል?» የሚመለከተው የሕዝብ ተወካይም ይህንኑ ጥያቄ ከመራጮቹ ዘንድ ሳይጠብቅ ራሱ ያንሣው። መራጩ ኬላው ከተተከለ በኋላ የሚያየው ዋጋው መናሩን ብቻ ነው፤ ኬላውን አያየውም። አስቀድሞ ማየት የእናንተና የእርሱ ሥራ ነው።